ዶሮ አዝዤ እንቁላል መጣልኝ

የዛሬዋ ጠያቂያችን የጻፈችልን ከባንኮክ ነው። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፦

«ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? 46 ዓመቴ ነው። ባንኮክ ውስጥ ፕራቱናም ከሚባለው የልብስ ገበያ ዕቃ እየገዛሁ ወደ አዲስ አበባ መላክ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ድሮ አሥር ቀን ቆይቼ እመለስ ነበር፣ አሁን ግን ክፍል ተከራይቼ ብዙውን ጊዜ እዚሁ ነኝ። እስከዛሬ የምግባባው በካልኩሌተር ነው። እነሱ ዋጋውን ጽፈው ያሳዩኛል፣ እኔ ቀንሼ አሳያቸዋለሁ፣ በቃ። ባለፈው ዓመት ቆርጬ ተነሣሁና ስልኬ ላይ መተግበሪያ ጭኜ ሦስት መቶ የሚሆን የታይኛ ቃል አጠናሁ። ግን የሚሰማኝ የለም! ዶሮ በሩዝ አዝዤ እንቁላል በሩዝ መጣልኝ። ደግሜ ስናገር ሁለተኛ እንቁላል ጨመሩልኝ። ሻጮቹ አፌን ስከፍት ይስቃሉ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ልጄ ‹ማሚ ይቅርብሽ፣ ቋንቋ በልጅነት ነው› ትለኛለች። እውነቷን ነው? ፊደላቸውንስ መማር አለብኝ ወይስ ንግግሩ ይበቃኛል? አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ የስድስት ወር አስቀድመሽ ክፈይ ብሎኛል። ልክፈል?»

እህቴ፣ ከእንቁላሉ ልጀምር። ምን እንደተፈጠረ ሳልሰማሽ ልነግርሽ እችላለሁ፣ ባንኮክ በኖርኩባቸው ዓመታት ያን እንቁላል እኔም ደጋግሜ በልቼዋለሁ። በታይኛ ዶሮና እንቁላል ለኛ ጆሮ አንድ ናቸው። ዜማቸው፣ ማለትም የድምፁ መውጣትና መውረድ፣ ራሱ አንድ ነው፣ ሁለቱም ዝቅ ብለው ይነገራሉ። የሚለያቸው ትንፋሽ ብቻ ነው። እንቁላል ሲሉ ከ«ካ»ው ጋር አየር ይወጣል፣ ዶሮ ሲሉ አይወጣም። ሶፍት አንሺና ከከንፈርሽ አጠገብ አንጠልጥይው። «ካይ» ብለሽ ሶፍቱ ከተወዛወዘ እንቁላል አዝዘሻል። ለዶሮዋ ከ«ገ» ጠንከር፣ ከ«ቀ» ለስለስ የሚል ድምፅ ፈልጊ፣ ሶፍቱም ዝም ይበል። እስክታገኚው ድረስ «ጋይ» በዪ፣ ዶሮሽ ትመጣለች።

አሁን ጥፋቱ የማን እንደሆነ እይው። መተግበሪያው የዶሮዋን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈልሽ፣ አንቺም በእንግሊዝኛ ትንፋሽ አነበብሽው። እንግሊዝኛ ቃል የሚጀምርበትን «ኬ» በትንፋሽ ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ የተጻፈው ዶሮ ሆኖ የተነበበው እንቁላል ሆነ። ፑኬት የምትባለዋን ደሴት «ፉኬት» የሚሉ ስንት ወገኖቻችንን ሰምቻለሁ! በእንግሊዝኛ ፊደል በ«ph» ስለሚጻፍ እነሱም በዚሁ ተታለው ነው። ሦስት መቶውንም ቃል ያጠናሽው እንደዚህ ከሆነ ሰው ባይሰማሽ ምን ይገርማል። አንቺ ወደ ታይኛ የገባሽው በእንግሊዝኛ በር ነው። የራስሽ በር ደግሞ ይሻል ነበር፣ ለምን እንደሆነ ላሳይሽ።

ዕድሜውን ቶሎ ልጨርሰው። ልጅሽ ግማሽ እውነት አላት። ልጆች የቋንቋውን ለዛ ከኛ የተሻለ ይይዛሉ፣ ደግሞም አያፍሩም። ሰዋስውና ቃል በመያዝ ግን አዋቂ ሰው መጀመሪያ ላይ ከልጅ ይፈጥናል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው፣ ተማሪዎቹ በሙሉ አዋቂዎች ናቸው። ታይኛን ከከባድ ቋንቋዎች ተርታ አስቀምጦ 44 ሳምንት፣ ማለትም 1100 የክፍል ሰዓት ገደማ ይመድብለታል። በዚያው ተርታ ውስጥ ማን አለ መሰለሽ? አማርኛ። ስለዚህ ፈረንጅ «ውይ ከባድ ነው» የሚለውን አንዱን ቋንቋ አፍሽን የፈታሽበት ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብታጠኚ ያንን 1100 ሰዓት ለመሙላት ሦስት ዓመት ይፈጅብሻል፣ ይህን አልደብቅሽም። ለገበያ የሚሆነው ግን በጥቂት ወራት ይያዛል።

ዜማው ያስፈራሻል፣ አውቃለሁ። ታይኛ አምስት ዜማ አለው፦ ደልዳላ፣ ዝቅ ያለ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከፍ ያለ፣ እና ከታች ወደ ላይ የሚወጣ። «ማ» በደልዳላው መምጣት ነው፣ ከፍ ካለ ፈረስ፣ ከታች ወደ ላይ ከወጣ ውሻ። አንዲትን ሴት «ሱዋይ» ብለሽ ስታሞግሺ ሽቅብ ካነሣሽው ቆንጆ ነሽ ነው፣ ደልዳላ አድርገሽ ከተውሽው ዕድለ ቢስ ነሽ ነው። የባሰው ደግሞ «ግላይ» ነው። ደልዳላ ከሆነ ሩቅ ማለት ነው፣ ከወረደ ቅርብ ማለት ነው። ሩቅና ቅርብን በአንድ ቃል! ከባለ ሞተር ጋር ሒሳብ ስትከራከሪ ትደርሽበታለሽ።

አሁን «ገና» የሚለውን ቃል ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። የትኛውን አነበብሽ? በዓሉን ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የምንለውን? «ዋና»ስ? ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ነው ወይስ ዋናው ጉዳይ? «ይመታል» ስልሽ መቺው ነው ተመቺው? አጻጻፉ አንድ ነው፣ የሚለየው መጥበቅና መላላቱ ነው። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ እዚህ ላይ ፀጉሩን ይነጫል፣ አንቺ ግን ስትናገሪ «እዚህ ጋ ላጥብቅ» ብለሽ አስበሽ አታውቂም። ጥብቀቱ ከቃሉ ጋር አብሮ ነው የገባሽ። ለታይ ሰውም ዜማው እንዲሁ ነው፣ ከቃሉ ጋር አብሮ ነው የሚወለደው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ለይተሽ አጥንተሽ ዜማውን በኋላ እጨምራለሁ አትበዪ። ያለ ዜማው የያዝሽው ቃል ገና አልተያዘም።

አንድ መጥፎ ልማድ ደግሞ አለብን። እርግጠኛ ካልሆንን ቃሉን እንደ ጥያቄ ወደ ላይ እንጎትተዋለን፣ «ግላይ...?» እንላለን። በአማርኛ ምንም አይደለም። በታይኛ ግን ጉተታው ራሱ ሌላ ዜማ ይሆንና ቃሉን ይቀይረዋል። ብትሳሳቺም በድፍረት ተሳሳቺ። እኔን የረዳኝ እጄ ነበር፣ ዜማው ሲወጣ እጄን አወጣለሁ፣ ሲወርድ አወርዳለሁ። መንገድ ላይ ለሚያየኝ ሰው ትራፊክ ፖሊስ ነበር የምመስለው።

ፊደሉን ልማር ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ተማሪ። ግን ነገ ጠዋት አይደለም። ለመጀመሪያው ወር ወይም ሁለት ወር ታይኛውን በኛው ፊደል ጻፊው። ለድምፃቸው ከእንግሊዝኛ ፊደል የኛ ይቀርባል፣ ይህን የምልሽ በሀገር ፍቅር አይደለም። ፈረንጆች የሚንገላቱበት አንድ የታይኛ ድምፅ አለ፣ የኛ ሳድስ የቅርብ ዘመድ ነው። «አንድ» የሚለውን ቁጥር በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉት አናባቢ ደርድረው ያወሳስቡታል፣ አንቺ «ንንግ» ብለሽ ትጽፊና ያልቃል። የጎደለው ዜማው ነው። እሱንም ቢሆን ደብተራ በፊደሉ አናት ላይ የዜማ ምልክት እንደሚያደርገው አንቺም ከላዩ ቀስት ሥሪለት፣ ለሚወጣው ወደ ላይ፣ ለሚወርደው ወደ ታች። ታይኛ ውስጥ አናባቢው ረዘም ወይም አጠር ሲል ትርጉም ይለወጣል፣ ስለዚህ ለሚረዝመው ከሥሩ አስምሪበት። የኔ ደብተር እንዲህ ነበር፣ ዛሬም አለኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ራሳቸው ፊደል እለፊ። ተነባቢው 44 ነው፣ የዜማ ምልክቱ 4። እኛ ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ቤት አባዝተን 231 ቆጥረን ያደግን ሰዎች 44 ሊያስደነግጠን አይገባም። አሠራሩም ሩቅ አይደለም፣ ተነባቢው ቤቱን ይሠራል፣ አናባቢው እላዩ፣ እሥሩ፣ ከፊቱ ወይም ከኋላው ይለጠፋል። እንዲህ ዓይነት ጽሕፈቶች በሙሉ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ምን እንደሚባሉ ታውቂያለሽ? አቡጊዳ። አዎ፣ የኛው አቡጊዳ። ፒተር ዳንኤልስ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1990 ቃሉን ከግዕዝ ወስዶ የዓለም መጠሪያ አደረገው፣ የታይ ጽሕፈትም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። (ቀኑ በፈረንጅ ነው።) የሚያስቸግርሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ በቃላት መካከል ክፍተት የለም፣ ዐረፍተ ነገሩ እንደ ባቡር ተያይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ ተነባቢዎቹ በሦስት መደብ ይከፈላሉ፣ መደቡና ምልክቱ ተደምረው ዜማውን ይነግሩሻል። ይሄ ሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ራስ ያዞራል፣ ግን ፊደሉን ተማሪ የምልሽም ለሱ ነው። ታይኛ ሲጻፍ ዜማው እዚያው አለ። የእንግሊዝኛው ፊደል ግን ዜማውን ጥሎት ይመጣል።

ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ስም አለው፣ ልጆች በዚያ ነው የሚማሩት። የመጀመሪያው «ጎ ጋይ» ነው፣ የዶሮው «ገ» እንደማለት። ሁለተኛውስ? «ኮ ካይ»፣ የእንቁላሉ። የታይ ሕፃን የመጀመሪያ ቀን ትምህርቱ ያንቺ ምሳ ነው!

ጆሮሽን ግን ከሁሉም ቀድመሽ ሥሪው። ማርቪን ብራውን የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ከ1984 (ይሄም በፈረንጅ ነው) ጀምሮ እዚያው ባንኮክ፣ ኤዩኤ በሚባል የቋንቋ ማዕከል፣ ለየት ያለ ትምህርት ያስተምር ነበር። ተማሪው ለመቶዎች ሰዓታት ዝም ብሎ ይሰማል። መምህራኑ በሥዕል፣ በምልክት፣ በተረት ያወራሉ፣ ተማሪው አይናገርም፣ አይጽፍም፣ እንደ ሕፃን ይሰማል ብቻ። ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ሙሉውን ግን አልመክርሽም። አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ ለመቶዎች ሰዓታት ዝም ብለሽ ማን ይሸጥልሻል? ግማሹን ውሰጂ። ዩቲዩብ ላይ «ኮምፕሪሄንሲብል ታይ» የሚል ቻናል አለ፣ በዚህ መንገድ ከዜሮ ጀምሮ በደረጃ የተዘጋጀ ነው። በየማታው ግማሽ ሰዓት እይ። ቃል አትልቀሚ፣ አትተርጉሚ፣ ታሪኩን ብቻ ተከተይ። ሥዕሉን እያየሽ ከገባሽ በቂ ነው።

ቀን ቀን ደግሞ አንዲት ሻጭ ምረጪ። አንዲት ብቻ፣ ሱቅ ለሱቅ አትዙሪ። ወሬ የምትወድ ትሁን፣ እንግሊዝኛ ካላወቀች ደግሞ ወርቅ ናት። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ሂጂና በየቀኑ ያንኑ አምስት ዐረፍተ ነገር ተናገሪ። «ታው ራይ»፣ ስንት ነው? «ሎት ዳይ ማይ»፣ ይቀነሳል? አስፈቅደሽ መልሷን በስልክሽ ቅጂው። ማታ ከድምፁ ጋር እኩል እያልሽ፣ ልክ መዝሙር እንደሚከተሉ፣ ሃያ ጊዜ አብረሽ በዪው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሽቅብ የሚወጣ «ማይ» ጥያቄ ነው። እሷ «ማይ ዳይ» ብላ ቁልቁል ካወረደችው አይሆንም ማለቷ ነው። አንድ ገበያ ሙሉ በዚህ ሁለት «ማይ» ነው የሚሄደው።

ቁጥር ላይ ካልኩሌተሩን አስቀምጪ። ንንግ፣ ሶንግ፣ ሳም፣ ሲ፣ ሃ፣ ሆክ፣ ጄት፣ ፔት፣ ጋው፣ ሲፕ። «ሲፕ» ስትዪ ከንፈርሽን ግጠሚና እዚያው ተዪው፣ «ፕ»ን አታፈንጂው። መቶ «ሮይ» ነው፣ የባንኮክ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሎይ» ይለዋል። ሺህ «ፓን»። አሥር ሺህ ደግሞ የራሱ ቃል አለው፣ አባቶቻችን እልፍ ይሉት እንደነበረው። ቃሉም «ምን» ነው፣ ረዘም ብሎ ዝቅ ያለ «ምን»። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ሴትዮ «ሶንግ ምን» ስትለኝ አማርኛ የተናገረች መስሎኝ «ምን?» ብዬ መለስኩላት። ሃያ ሺህ ባት ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ዋጋዋን ግማሽ ያደረግኩ መሰላት፣ ተናደደች።

ቁጥር ካነሣን፣ ላይን በሚባለው የስልክ መልእክት መላላኪያ ስትጻጻፉ ሻጯ «555» ብላ ብትልክልሽ ዋጋ እንዳይመስልሽ። አምስት «ሃ» ነው፣ ሦስት ጊዜ ሲሆን ሃሃሃ፣ እየሳቀች ነው።

ልብስ ስትቆጥሪ በቁጥሩ ኋላ «ቱዋ» ጨምሪ። ሦስት ሸሚዝ ለማለት መጀመሪያ ሸሚዙ ይጠራል፣ ከዚያ «ሳም ቱዋ» ይከተላል። ይኸው «ቱዋ» ለውሻና ለድመትም ያገለግላል። ሸሚዝና ውሻ በአንድ መቁጠሪያ ለምን ገቡ ብለሽ አትጨነቂ፣ ተቀበይውና እለፊ። ሰዋስዉ እንደሆነ ይክስሻል። ግሥ አይረባም። በላሁ፣ በላሽ፣ በሉ፣ ይበላሉ የሚል ጣጣ የለም፣ አንዱ «ጊን» ለሁሉም ይሆናል። ካለፈ ከኋላው «ሌው»፣ ሊመጣ ከሆነ ከፊቱ «ጃ» ትጨምሪበታለሽ፣ በቃ።

ሰዓት ላይ ደግሞ ፈረንጆቹ ግራ ሲጋቡ አንቺ ትስቂያለሽ። በተለምዷዊው የታይ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት «ንንግ ቱም» ነው፣ ሁለት ሰዓት «ሶንግ ቱም»፣ ሦስት ሰዓት «ሳም ቱም»። ሻጯ «ሶንግ ቱም ነይ» ካለችሽ ልክ እናትሽ እንደምትቆጥረው በሁለት ሰዓት ነው። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ይገጥማል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይለያያል፣ ግን ያኔ ተኝተሻል።

አጠራራቸውም ለኛ አይከብድም። ሰውን በስሙ ከመጥራት ይልቅ ይዘምዱታል። ካንቺ ከፍ የምትለውን «ፊ» አይደለም፣ በትንፋሽ «ፒ» ትያታለሽ፣ እንደኛ እትዬ። ታናሽሽን «ኖንግ»፣ ሴትዮዋን «ፓ»፣ አክስት እንደማለት፣ ሽማግሌውን «ሉንግ»። በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ካ» የምትለዋን አትርሺ፣ የሴት አክብሮት ናት። ወንድ «ክራፕ» ነው የሚለው። እኔ ታይኛ የተማርኩት ከሻጭ ሴቶች ስለነበር አራት ወር ሙሉ «ካ» እያልኩ ከረምኩ፣ አንድም ሰው አላረመኝም፣ ይስቁ ነበር ብቻ።

ስለ ሳቁ ጠይቀሽኝ የለ። ሳቁ ብዙውን ጊዜ ማሾፍ አይደለም። ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹ እፍረት፣ የራሳቸው እፍረት፣ ያልሽውን ስላልሰሙ። አብረሽ ሳቂና ድገሚው። ወደ እንግሊዝኛ ሲዞሩብሽ «ፑት ቻ ቻ» በዪ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ ማለት ነው፣ ከዚያ በታይኛ ቀጥይ። ሦስቴ ከደጋገምሽ ይተዋሉ። አንዳንዴ የቸኮለ ሻጭ ይገጥምሻል፣ እሱን በእንግሊዝኛ ተገበያይና ሂጂ፣ ሁሉም ሰው አስተማሪሽ አይደለም።

መተግበሪያሽን አታጥፊው፣ ድምፅ ካለው ለክለሳ ይሆናል። ሦስት መቶውን ቃል ግን እንደ አዲስ፣ በጆሮሽ፣ በቀን አሥር አሥር እያደረግሽ ከልሺው። ያው ወር ይፈጅብሻል።

የቀረን የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው። የስድስት ወር አስቀድመሽ አትክፈይ። አንድ የሙከራ ክፍለ ጊዜ ጠይቂ፣ ፊደልና ዜማ መቼ እንደሚጀምሩ ጠይቂ። «እሱ በኋላ ይደርሳል፣ ለጊዜው በእንግሊዝኛ ፊደል እናስኬደው» ካሉሽ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ። ከመምህሯ ጋር ስትቀመጪ ደግሞ እያወቅሽ ዶሮዋን በትንፋሽ «ካይ» ብለሽ ጥሪያት። ካስቆመችሽና ደጋግማ ካስባለችሽ የአንድ ወር ክፈይ። ፈገግ ብላ «ጎበዝ» ካለችሽ ግን ሌላ ቦታ ፈልጊ።